ሞተሪኖው ከመፈታቱ በፊት

ቁልፍ ሲዞር «ጠቅ» ብሎ ዝም የሚል ፒክአፕ ያለው ሰው ከሹፌሩም፣ ከጎረቤቱም፣ ከመካኒኩም የሚሰማው ምክር አንድ ነው፤ «ሞተሪኖው ሞቷል፣ ቀይረው»። ምክሩ ልክ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ልክ መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው ግን አሮጌው ተፈትቶ፣ አዲሱ ተገጥሞ፣ ሒሳብ ከተከፈለ በኋላ ነው። ለዚህ መካኒኩን ብቻ መውቀስ አይቻልም። ለመፍታትና ለመግጠም እንጂ ለመመርመር የማንከፍል ደንበኞች ስለሆንን፣ መቀየር ከመመርመር ይልቅ እንጀራ የሚያበላ ሥራ ሆኗል። ምርመራ ራሱን የቻለ ዋጋ ያለው ሥራ ሆኖ እስካልተቆጠረ ድረስ ደህናውን ዕቃ እየጣልን ከነብልሽቱ መዞራችን አይቀርም።

መኪና ላይ ካሉት የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ሁሉ ሆዳሙ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ነው። የናፍጣ ፒክአፕ ሲነሳ 200 አምፒርና ከዚያም በላይ ሊስብ ይችላል። መሐንዲሱ ቻርልስ ኬተሪንግ በ1912 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ካዲላክ ላይ የኤሌክትሪክ ማስነሻን እውን ያደረገው፣ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ የሚሠራ ትንሽ ሞተር ከአቅሙ በላይ ቢጫንም እንደሚችለው ተረድቶ ነው። ብልሃቱ ግን ዕዳ አለው። ይህን ያህል ኤሌክትሪክ በሚያልፍበት መስመር ላይ የ0.01 ኦም እንቅፋት ካለ፣ በ200 አምፒር ሲባዛ 2 ቮልት ይበላል፤ ከ12 ቮልት ላይ 2 የጎደለበት ሞተሪኖ ደግሞ ጉልበት ያጥረዋል። እንዲህ ላለ እንቅፋት የባትሪው ጫፍ ላይ የተጋገረ ነጭ ዱቄት ወይም ሻንሲው ላይ የላላ አንድ ብሎን ይበቃል። ስለዚህ ያ «ጠቅታ» ከደከመ ባትሪም፣ ከዛገ ኬብልም፣ ከሞተሪኖው ከራሱም ሊመጣ ስለሚችል በጆሮ ብቻ አይለይም።

በቴስተር ግን ይለያል። ቆሞ ያደረ መኪና ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ካሳየ ሙሉ ነው፤ ቁልፉ ሲዞር ከ9.6 በታች ከወረደ ጥርጣሬው መጀመሪያ ወደ ባትሪው ያዘነብላል። ባትሪው ፈተናውን ካለፈ፣ የቴስተሩ አንድ እግር የባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላው ሞተሪኖው ላይ ወፍራሙ ኬብል የታሰረበት ብሎን ላይ ይደረግና ቁልፉ ይዞራል፤ ንባቡ ከግማሽ ቮልት ካለፈ ጥፋቱ የመስመሩ ነው። ከኔጋቲቩ እስከ ሞተሪኖው አካል ድረስ ያለውም እንዲሁ ይለካል። ቁልፍ ሲዞር ወደ ሶሌኖይዱ (ሞተሪኖው ላይ ወዳለው የኤሌክትሪክ ማገናኛ) የሚሄደው ቀጭን ሽቦ ኤሌክትሪክ ካላገኘ ጥያቄው ወደ ቁልፉ፣ ወደ ሪሌው ወይም ወደ ፍሪሲዮኑ ስዊች ይዞራል። ኤሌክትሪኩ በሁሉም በኩል ሳይጎድል ደርሶ ካልዞረ፣ ያኔ የባትሪው ኔጋቲቭ ተነቅሎ ሞተሪኖው ይፈታ።

ጥፋተኛነቱ ቢረጋገጥ እንኳ ሙሉ ዕቃ መግዛት ግዴታ የማይሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። በበርካታ የቶዮታ ፒክአፖች ላይ በሚገኘው የዴንሶ ሞተሪኖ፣ ሶሌኖይዱ ውስጥ ኤሌክትሪኩን የሚያሻግሩት የመዳብ ቁራጮች በተነሳ ቁጥር ብልጭታው እየበላቸው ይሳሳሉ፤ መጨረሻ ላይ ሶሌኖይዱ ጠቅ ይላል እንጂ ሞተሩ አይዞርም። በመዶሻ ቸብ ሲደረግ የሚነሳ ሞተሪኖም ብዙውን ጊዜ ካርቦኑ ያለቀበት ነው። መዳቡም ካርቦኑም ለብቻቸው ይቀየራሉ። ጥቅልሉ የተቃጠለበት ግን በሙሉ ይቀየር። እያፏጨ ዞሮ ሞተሩን የማይነካ ከሆነ፣ አዲስ ከመግጠም በፊት የቮላኖው ጥርስ ይታይ፤ በተበላ ጥርስ ላይ የተገጠመ አዲስ ዕቃ ዕድሜ አይኖረውም።

«ባለመኪናው የዕለት ገቢው ቆሞበት ማን ሲለካ ይቆያል?» የሚል አይጠፋም። ይህ ልኬት ግን ሩብ ሰዓት አይፈጅም፤ ቀን የሚያስበላው ተቀይሮ ያልተነሳ መኪና ነው። «አንዳንድ ፒክአፕ ላይ ሞተሪኖው ለእጅ አይመችም፤ አንዴ ከወረደ አዲስ ይግባለት» የሚለው ክርክር የበለጠ ክብደት አለው፤ ሁለት ጊዜ የጉልበት ዋጋ መክፈል የሚፈልግ የለምና። ነገር ግን ማውረዱ አስቸጋሪ በሆነ መጠን በግምት ማውረድም የዚያኑ ያህል ያከስራል። የመለዋወጫውንም ዋጋ ማሰብ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ፣ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፏል። ከውጭ የሚገባ ዕቃን ለሙከራ የምንገጥምበት ዘመን አልፏል፤ ገበያው ላይ ከኦሪጅናሉ ጎን ፎርጅድ በሚሸጥበት ጊዜ ደግሞ የወጣው አሮጌ ከገባው አዲስ የተሻለ ሊሆን ይችላል።

ከሁሉም የሚከብደው «ደንበኛ ለማየት ብቻ አይከፍልም» የሚለው የጋራዦች መልስ ነው። እውነት ነው፤ እስካሁን አልከፈልንም። ሐኪም ቤት ግን ካርድ አውጥተን፣ ለላቦራቶሪ ከፍለን፣ መድኃኒቱን የምንገዛው በመጨረሻ ነው፤ ውጤቱ «ደህና ነህ» ቢሆን ገንዘቤ ይመለስ አንልም። ጋራዡም የምርመራ ሒሳቡን ለይቶ ያስታውቅ፣ የለካውን በቁጥር ጽፎ ይስጥ፣ ጥገናው እዚያው ከተሠራ ሒሳቡን ከጠቅላላው ላይ ይቀንስ። ባለመኪናውም ዕቃ እንዲገዛ ሲነገረው ከዋጋው በፊት «ስንት ቮልት ደረሰው?» ብሎ ይጠይቅ። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሌለው መካኒክ ገና አልመረመረም፤ ያልተመረመረ ሞተሪኖ ደግሞ አይፈታም።