ሕክምና እንጂ ማለቂያ የሌለው እስር አይሁን

የተከበራችሁ የከሚሴ፣ የባቲ፣ የሰንበቴና የጨፋ ሮቢት መራጮች፦

በምርጫ ሰሞን ስለ መንገድና ስለ ውሃ ብዙ ይነገራል። ወንጀል በፈጸመበት ሰዓት አእምሮው ታሞ ስለነበረ ሰው ግን የሚናገር የለም። ፓርቲያችን ይህም የፍትሕ ጥያቄ ነው ብሎ ያምናል።

ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ፣ በአንቀጽ 48 እንዲህ ያለው ሰው በወንጀል ኃላፊ እንደማይሆን ይደነግጋል። ይህ ተገቢ ነው። ሆኖም ፍርድ ቤት ሰውየው ለሕዝብ ያሰጋል ካለ በተቋም ተዘግቶ እንዲቆይ ሊያዝ ይችላል። ትእዛዙ የጊዜ ጣሪያ የለውም። ምክንያቱ ሲወገድ ይቆማል ቢባልም፣ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን እንደገና የማየት ግዴታ ያለበት በየ2 ዓመቱ ነው።

ሒሳቡን እናስላው። ቀላል እስራት በመደበኛው ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት ነው። በጤናው ሰው ደብድቦ 1 ዓመት የተፈረደበት ጨርሶ ቤቱ ሲገባ፣ ያንኑ በሕመም የፈጸመው ገና የመጀመሪያ ክለሳውን ሊጠብቅ ይችላል። ጥፋተኛ ያልተባለው ከጥፋተኛው በላይ ከተዘጋበት ፍትሕ ወዴት አለ?

በዞናችን ችግሩ ይብሳል። አንቀጽ 51 የተከሳሹ አእምሮ ሲያጠራጥር የባለሙያ ምርመራ እንዲደረግ ያዛል። ለረጅም ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል የነበረው አማኑኤል ግን ያለው ከከሚሴ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ አዲስ አበባ ነው። በዱዓም በጸበልም ተንከራትቶ ጥሪቱን የጨረሰ ቤተሰብ ይህን መንገድ ስንት ጊዜ ይመላለሳል? ሕመምተኛውስ የውስጡን በአፋን ኦሮሞ ካልተናገረ ሐኪሙ እንዴት ይረዳዋል?

«እብድ መስሎ ያመልጣል» የሚል ስጋት እንዳለ እናውቃለን። የተጎጂ ቤተሰብ እንባም እንባችን ነው። ለማስመሰል መድኃኒቱ ፈጣንና ብቁ ምርመራ ነው። ሳይታከም የተዘጋ ሰው ደግሞ አንድ ቀን ሳይድን ይወጣል፤ ይህ ማንንም አይጠብቅም።

ስለዚህ ብንመረጥ፦

1. ክለሳው በየ6 ወሩ በጠበቃና በሐኪም ፊት እንዲሆን፤
2. በወንጀል ትእዛዝ መዘጋት ለወንጀሉ ከተደነገገው ከፍተኛ ቅጣት እንዳይበልጥ፣ ከዚያ በኋላ ሕክምና ቢያስፈልግ በጤና ሕግ መሠረት በፍርድ ቤት ውሳኔ እንዲቀጥል፤
3. ሕመምተኛ ከእስረኛ ጋር እንዳይታሰር፤
4. ምርመራው በአቅራቢያ፣ ሕመምተኛው በሚናገረው ቋንቋ እንዲሰጥ፤
5. ከመለቀቁ በፊት ተጎጂዎች እንዲያውቁና እንዲሰሙ እንታገላለን።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 መሠረት የወንጀል ሕግ የሚያወጣው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ የክልሉን የጤና በጀት የሚያጸድቀው ደግሞ የክልሉ ምክር ቤት። ለሁለቱም የምትሰጡት ድምፅ ይህን ይወስናል።

የአእምሮ ሕመም ብሔር፣ ሃይማኖትና ሀብት አይመርጥም። ነግ በእኔ በሉ፤ ድምፃችሁን ለፍትሕ ስጡ!