«ዲያስፖራ» አትበሉን!

 

ዛሬ የምጽፈው ስለሚያንገበግበኝ አንድ ቃል ነው። ከአዲስ አበባ የሚደውል ዘመድ «እናንተ ዲያስፖራዎች» ይለናል። ገንዘብ ያላችሁ ማለቱ ነው። ብሶ ተብሶ እዚያ ለመዝናናት የሚሄዱ ልጆቻችንም «እኛ ዲያስፖራዎች» ማለት ጀምረዋል። እኔ ወታደር የነበርኩ፣ በሙያ ትምህርት ቤት ብየዳ የተማርኩ ሰው ነኝ እንጂ የቋንቋ ሊቅ አይደለሁም። የአንድን ቃል ምንጭ መጠየቅ ግን ሊቅነት አይፈልግም።

ቃሉ የመጣው «ዲያስፔይሮ» ከሚባል የጥንት ግሪክ ግስ ነው። «ስፔይሮ» ዘር መዝራት ነው፤ «ዲያ» ሲቀደምለት ወዲያና ወዲህ መበተን ይሆናል። እኛ በተነ፣ ይበትናል፣ ተበተኑ እያልን እንደምናረባው፣ እነሱም ዲየስፔይረን፣ ዲያስፔሬይ፣ ዲየስፓሬሳን ይላሉ። ስሙ ዲያስፖራ፣ ማለትም ብተና ነው።

ከ2,200 ዓመታት በፊት በእስክንድርያ ኦሪትን ወደ ግሪክ የመለሱት አይሁድ ይህን ቃል የት አስገቡት? ዘዳግም ምዕራፍ 28፣ እርግማኑ ውስጥ! የቄሶቻችን የግዕዝ ኦሪትም የተተረጎመው ከዚያው ከግሪኩ ነው። እንግዲህ ዲያስፖራ ቅጣት እንጂ ማዕረግ አይደለም። ምዕራፍ 30 ቁጥር 4 ላይ ቃሉ ይደገማል፤ እዚያ ግን የተበተነው እንደሚሰበሰብ ተስፋ ተሰጥቷል።

እስቲ ፍረዱ! እ.ኤ.አ. በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ በአንድ ቀን ተኩል ከ14,000 በላይ ሰው መጣ። ተበተነ ወይስ ተሰበሰበ? ከዚያ በፊት በሱዳን በኩል የመጡት ልጆቻቸውን በረሃ ላይ የቀበሩት ዲያስፖራ ለመባል ነው? ዲያስፖራስ የነበርነው ጎንደር ሳለን ነው።

«ኢትዮጵያን ካዳችሁ» የምትሉ አትቸኩሉ። ተወልደንባታል፣ በቋንቋዋ እጽፋለሁ፣ እወዳታለሁ። አገር መውደድ ግን የእርግማን ስም መሸከምን አያስገድድም።

እዚህ ላለነውም አንድ ነገር ልበል። ግሱ ገና አላበቃም። ጎንደርና አዲስ አበባ ልጆቻቸው እዚህ ያሉ እናቶች ለዓመታት እየጠበቁ ነው። አክስቴም ከእነሱ አንዷ ናት፤ «ፋይሉ እየታየ ነው» ከመባል ሌላ መልስ አላገኘችም። «ተበተኑ» ከተባለ የበተነ አለ ማለት ነው። «እኔ ገብቻለሁ» ብሎ ስለቀሩት ዝም የሚል ሰው ያንን ግስ በገዛ አፉ እያረባው ነው። ቃሉን የምትፈልጉት ከሆነ በየሰልፉ ስለ እነሱ ጩኹበት፤ ለሠርግና ለሽርሽር አታድርጉት።

የተለየ ሐሳብ ያላችሁ ጻፉልኝ፤ እንከራከር።

የቀሩትን እግዚአብሔር ይሰብስብልን። አሜን።