“ስንት ትላለህ?” ባይ ምሁራን

በአገራችን ስለ ኤሌክትሪክ ሲነገር የሚነገረው ስለ ግድብ ነው። ቆቃ በ1952 ዓ.ም. ሲመረቅ ኃይሉ 43 ሜጋ ዋት ያህል ነበር፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ደግሞ 5,150 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ሆኖ ተሠርቷል። ደስ ብሎናል፤ ደስታችንንም የሚነቅፍ የለም። ነገር ግን ኤሌክትሪክ ሰውን የሚጠቅመውም የሚገድለውም ግድቡ ዘንድ አይደለም፤ ከቆጣሪው እስከ ምጣዱ ባለችው ጥቂት ሜትር ሽቦ ላይ ነው። ያችን ሽቦ የሚዘረጋትና የሚጠግናት ማነው? ፒንሳውንና ካቻቪቴውን በከረጢት ይዞ ከሰፈር ሰፈር የሚዞረው የመብራት ሠራተኛ ነው። የተማረው ክፍል ይህን ሰው እንዴት አድርጎ እንደያዘው ዛሬ ሳንሸፋፍን እንናገራለን።

ሐኪሙንና ዳኛውን “እርስዎ” የሚለው ባለ ዲግሪ፣ አባቱ ሊሆን የሚችለውን የመብራት ሠራተኛ “አንተ፣ ና እስቲ” ይለዋል። የሚጠይቀውም ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ “ስንት ትላለህ?” ሽቦው ምን ያህል ውፍረት እንዳለው አይጠይቅም። ምድር ሽቦ መግባት አለመግባቱን አይጠይቅም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810 በኤሌክትሪክ ሥራ ለሚሠማራ ሰው የብቃት ማረጋገጫ የሚጠይቅ ሆኖ ሳለ፣ “ማረጋገጫህን አሳየኝ” የሚል ባለቤት ከየት ይገኛል? ሥራው በሃያ ደቂቃ ያለቀ እንደሆነ ደግሞ “ለዚህች ነው እንዴ ይህ ሁሉ?” ብሎ ይከራከራል። በሃያ ደቂቃ እንዲያልቅ ስንት ዓመት መልመድ እንዳስፈለገ ማን ያስብ! ያው ሰው ለሠርግ መኪና ኪራይ ሲከፍል አፉን አይከፍትም።

ነገሩ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ቀለም ባላባከንን። ነገር ግን በዚህ ድርድር ውስጥ ሞት አለ። የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይፈጃል፤ ይህም በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ነው። ለአምፑል ተብሎ የተዘረጋ 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ እንጀራ ተጋግሮ እስኪያልቅ ይህን እንዲሸከም አይጠበቅበትም። ኮረንቲው እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ እንደሚሆን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሁሉ ያውቃል። ሠራተኛው “ለምጣዱ ወፍራም ሽቦ ከቆጣሪው ጀምሮ ለብቻው ይምጣለት” ሲል ባለቤቱ “ዝም ብለህ ካለው ላይ ቀጥልልኝ” ይለዋል። ሠራተኛው ልጆች አሉት፤ ይቀጥላል፤ በፕላስተርም ይጠቀልላል። ፊውዙ እየተቃጠለ ሲያስቸግር ደግሞ የመዳብ ክር ይጠመጠምበታል፤ ይኸውም ዘበኛውን አስሮ በር ከፍቶ እንደ መተኛት ነው።

የምድር ሽቦው ነገር ከዚህ የባሰ ነው። ባለቤቱ “ብሬከር አለኝ” ብሎ ይኮራል። 16 ወይም 20 አምፔር የተጻፈበት ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን እንጂ ሰውን አይደለም። ሰውን ለመግደል የአንድ አምፔር አንድ አሥረኛ ይበቃል፤ ብሬከሩ ይህን ከቁም ነገር አይቆጥረውም። 30 ሚሊ አምፔር ሲሾልክ የሚቆርጥ መሣሪያ በገበያ አለ፤ ነገር ግን “ውድ ነው” ይባላል። እንግዲህ በምጣዱ ውስጥ ያለው ሽቦ ልባሱ ተቃጥሎ ብረቱን የነካ እንደሆነ፣ መሬት ውስጥ በደንብ የተቀበረ ምድር ሽቦም ከሌለ፣ ብረቱ ኮረንቲውን ይዞ ይጠብቃል። የሚጠብቀው ማንን ነው? ባለ ዲግሪውን አይደለም፤ እሱ ምጣድ አይነካም። የሚጠብቀው እጇ በሊጥ የራሰውን፣ በባዶ እግሯ ሲሚንቶ ላይ የቆመችውን የቤት ሠራተኛ ነው። ከምድር ሽቦ የተቆጠበችው ገንዘብ የማን ሕይወት ዋጋ እንደሆነች አንባቢ ይፍረድ።

ንቀቱ አዲስ አይደለም። አገራችን ብረት የሚቀጠቅጥላትን ቡዳ፣ ቆዳ የሚያለፋላትን ፋቂ ስትል የኖረች ናት። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ ስድቡ ግን ልብሱን ለወጠ እንጂ አልሞተም። ዛሬ “ትምህርት አልሆንልህ ቢለው እጅ ሥራ ገባ” ይባላል።

“ሠራተኛው ራሱ ምን ያውቃል? ስንት ቤት ያቃጠለ አለ” የሚሉን አሉ። እውነት ነው፣ አለ። ከተግባረ እድ የወጣ እንዳለ ሁሉ መሰላል በመያዝ ብቻ ሙያውን የለመደም አለ። ታዲያ ዕውቀቱ የት ተቀምጦ ነው ያልደረሰው? እኛ ዘንድ፣ በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ውስጥ ተቆልፎ ነው። የኪርኾፍን ሕግ በጥቁር ሰሌዳ ላይ አሳምሮ የሚፈታ ተማሪ፣ የአንድ ቤት ማከፋፈያ ሣጥን ተከፍቶ ሳያይ የሚመረቅ ከሆነ፣ አስተማሪዎቻችን ሆይ፣ ምኑን አስተማራችሁት? በ1950ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪውን ለአንድ ዓመት ወደ ሕዝቡ ይልክ ነበር። ለአንድ ክረምት ከመብራት ሠራተኛው ጋር በየሰፈሩ መዞር ከዚህ ይከብዳልን? እሱ እጁን ያስተምረናል፤ እኛ ስለ ሽቦ ውፍረትና ስለ ምድር ሽቦ በአማርኛ አጭር መጽሐፍ አዘጋጅተን በከረጢቱ እንጨምርለታለን። የኅብረቱ ሥራ አስፈጻሚ ይህን በአጀንዳው እንዲይዝ እንጠይቃለን።

የተከራዩ ጉዳይ ግን በመጽሐፍ አይፈታም። አራት ቤተሰብ ከአንድ ቆጣሪ ላይ በቀጭን ሽቦ ተቀጣጥሎ በሚኖርበት ግቢ ተከራዩ ሽቦ ለመለወጥ ገንዘቡም ፈቃዱም የለው። አከራዩ ግን በየወሩ ኪራይ ይቀበላል። ስለዚህ ምድር ሽቦና ለመብራቱና ለምጣዱ የተለያየ መስመር የሌለው ቤት እንዳይከራይ የሚያስገድድ ደንብ ይውጣ፤ ወጪውም የአከራዩ ይሁን፤ መርምሮ የሚፈርመውም ያው “አንተ፣ ና እስቲ” የሚባለው ሰው፣ ማረጋገጫውን ይዞ፣ ሙሉ ዋጋው ተከፍሎት ይሁን።