ስም የተነፈገ ውበት

የአሮጌ ፎቶግራፍ ፍቅር በከተሞቻችን ተስፋፍቷል። በሆቴል መተላለፊያ፣ በቀን መቁጠሪያ ገጽ፣ በዐውደ ርእይ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ባለፈው ምእት ዓመት መባቻ የተነሡ ሴቶች ይታያሉ። ተመልካቹም ቆም ይልና «ወይ የድሮ ሰው ማማሩ! ወይ አለባበስ!» ብሎ ያልፋል። ማድነቁ የሚነቀፍ አይደለም። የሚነቀፈው በአድናቆት ስም የሚደገመው ንጥቂያ ነው። ሴቲቱ የምሥራቁ ቆላ ሰው ከሆነች፣ ከፎቶግራፉ ግርጌ የሚነበበው «የሶማሌ ሴት» ወይም «የበረሃ ቆንጆ» ከሚል አይዘልም። ስም የላትም፤ ቀዬ የላትም፤ ሙያ የላትም። ያላት መልክ ብቻ ነው።

ለመሆኑ ይህ ስም አልባነት ከወዴት መጣ? ካሜራ ወደ ምሥራቁ አገራችን የገባው ከሐዲዱ ቀድሞ ነው። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ሐረር ተቀምጦ በሚነግድበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1883፣ ፎቶግራፍ ያነሣ ነበር። ፎቶግራፉን ወደ ሸቀጥነት የለወጡት ግን ወደቡና ባቡሩ ናቸው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1902 ድሬዳዋ ገባ፤ ከዚያም በኤረር፣ በአፍደምና በሚኤሶ አድርጎ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። በዚህ መሥመር የሚያልፈው መንገደኛ ለዘመዶቹ የሚልከው የፖስታ ካርድ ፈለገ፤ ነጋዴውም አቀረበለት። በካርዱ ላይ የጣቢያው፣ የድልድዩና የወደቡ ስም በጥንቃቄ ታተመ። ሴቲቱ ግን «የሶማሌ ሴት» ተባለች። ለድንጋይና ለብረት ስም ያልነፈገ እጅ ለሰው ነፈገ። «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል፤ የእነዚህን ሴቶች ስም ያጠፋው ግን ነጋዴ ነው።

ነገሩ በካርድ ብቻ አላበቃም። ሐዲዱ ድሬዳዋ በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ በ1904፣ በእንግሊዝ አገር በብራድፎርድ ከተማ በተዘጋጀው ታላቅ ኤግዚቢሽን ላይ «የሶማሌ መንደር» ተሠርቶ፣ ከአፍሪቃ ቀንድ የተወሰዱ ወንዶች፣ ሴቶችና ሕፃናት ለከፋይ ተመልካች ታይተዋል። የመንደሩም ፎቶግራፍ በፖስታ ካርድ ታትሞ ተሽጧል። እንግዲህ ዛሬ በየግድግዳው የሚሰቀለው ምስል ከዚህ ገበያ ጋር የአንድ ዘመን ልጅ መሆኑን ማስታወስ ይገባል።

በዚያው ዘመን በአዲስ አበባ የነበረው ሁኔታ ሌላ ነው። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና ልጆቹ በቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺነት ያነሧቸው እቴጌዎችና ወይዛዝርት በስማቸውና በማዕረጋቸው ተመዝግበው ይገኛሉ። ልዩነቱ የውበት አይደለም፤ የሥልጣንና የገንዘብ ነው። ፎቶግራፍ ቤት ገብታ ዋጋ የከፈለች ሴት አቀማመጧን ትመርጣለች፤ ፎቶግራፉንም ለቤቷ ትወስዳለች። በጣቢያ ጥላ ሥር ባቡር ስትጠብቅ የተነሣችው ሴት ግን ምስሏን ይዞባት የሄደውን ሰው ዳግመኛ አታየውም።

ይሁንና ካሜራው ያላሰበውን ነገር መዝግቦ ቀርቷል። ምስሉን ማንበብ የሚችል ዐይን ካገኘ፣ ከ«ቆንጆ»ው ጀርባ የአንዲት ሠራተኛ ሴት ታሪክ ይወጣል። ጸጉሯ ተጎንጉኖ ያልተሸፈነችው ልጃገረድ ናት፤ ጸጉሯን በሻሽ የሸፈነችው ባለትዳር ናት። ሻሹ ጌጥ ብቻ ሳይሆን የማኅበራዊ ደረጃ ምልክት ነው። በአንገቷ ያለው ዐምበርና ብር «የበረሃ ጌጣጌጥ» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ የራሷ ጥሪት ነው። አንጥረኛው ብሩን የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ማርትሬዛን አቅልጦ ነውና፣ ሴቲቱ ቁጠባዋን በአንገቷ ተሸክማለች ማለት ይቻላል። ከበስተጀርባዋ የሚታየውን፣ ከቅስት እንጨትና ከሰሌን የተሠራውን አቃል፣ የምትሠራው፣ የምታፈርሰው፣ በግመል ላይ የምትጭነውም እርሷ ናት። በእጇ የያዘችው፣ በጭስ የታጠነው የወተት ዕቃም የንግድ መሣሪያዋ ነው። የቆላው ሴቶች ወተታቸውን በባቡሩ ጭነው ወደ ድሬዳዋና ወደ ጅቡቲ ገበያ ያደርሱ እንደነበር በመሥመሩ ላይ የኖረ ሁሉ ያውቃል። ታዲያ ይህችን ነጋዴ፣ ይህችን ቤት ሠሪ «የበረሃ አበባ» ብሎ መጥራት ማክበር ነው ወይስ ማሳነስ?

ሌላም ወገን አለ። ይህ ወገን አሮጌውን ፎቶግራፍ የሚያነሣው የዛሬዋን ሴት ለመውቀስ ነው። «እናቶቻችን የራሳቸውን ባህል ለብሰው ነበር፤ ልጆቻቸው ግን የባዕድ ጨርቅ አሳዳጅ ሆኑ» ይላል። ይህ አባባል ታሪክን ካለማወቅ የመነጨ ነው። በእነዚያ ፎቶግራፎች ውስጥ በትከሻ ላይ ተቋጥሮ በወገብ የተጠመጠመው ጥንታዊ መሳዩ ነጭ ልብስ በአብዛኛው አቡጀዲ ነው። አቡጀዲውም ከአሜሪካ ፋብሪካዎች ተሸምኖ፣ በኤደንና በጅቡቲ ወደቦች በኩል የገባ ሸቀጥ ነው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ የጃፓን ጥጥ ጨርቅ ገበያውን ይዞት ነበር። ዛሬ ባህላዊ የሚባለው ስስ ድሪያም ጨርቁ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው። ባህሉ ያለው በጨርቁ ፋብሪካ አይደለም፤ በአመራረጡ፣ በአቋጣጠሩ፣ በአለባበሱ ነው። የአፍደም እናት ከገበያው የሚስማማትን መርጣ የራሷ ያደረገች ብልህ ሴት ነበረች። ልጇም ዛሬ የምታደርገው ያንኑ ነው። ስለዚህ የእናትን ፎቶግራፍ በልጅ ላይ ዱላ አድርጎ ማንሣት ሁለቱንም መበደል ነው።

«ሥነ ጥበብ በስም አይወሰንም፤ ውበት ራሱ ይናገራል» የሚሉ ሊኖሩ ይችላሉ። ውበት እንደሚናገር አይካድም። ነገር ግን የሚናገረው ተናጋሪዋ አፏን ተይዛ ከሆነ፣ የሚሰማው የተመልካቹ የራሱ ምኞት ብቻ ነው።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 በመጽሐፍ የታተመው «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተሰኘው ሥራ፣ የመዲናዪቱን ነዋሪዎች የቤተሰብ ፎቶግራፎች ከየቤቱ በማሰባሰብ መንገዱን አሳይቷል። ፎቶግራፉ ከባለቤቱ እጅ ሲወጣ ስሙንና ታሪኩን ይዞ ይወጣል። ይህ ሥራ ግን አዲስ አበባ ላይ መቆም የለበትም፤ ሐዲዱን ተከትሎ መውረድ አለበት። ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ ይወርድ የነበረው አሮጌው ባቡር ከቆመ ዓመታት አልፈዋል። በ1977 እና በ1978 በተካሄደው ጦርነት ጅጅጋና አካባቢዋ ሲታመሱ ብዙ ቤተሰብ ቤቱን ጥሎ ተሰድዷል፤ ቤቱን ጥሎ የሸሸ ደግሞ ፎቶግራፍ አይለቅምም። የተረፈው ትንሽ ነው። የሻሹን ትርጉም፣ የጌጡን ዓይነት፣ የወተት ዕቃውን አሠራር አይተው የሚያውቁት አያቶችም በየዓመቱ እያለፉ ነው።

ስለሆነም በቤተ መዘክርና በዩኒቨርሲቲ የፎቶግራፍ ክምችት የያዙ ተቋማት የምስሎቹን ቅጂ ይዘው ወደ አፍደም፣ ወደ ኤረር፣ ወደ ሽንሌና ወደ ጅጅጋ ይውረዱ። በአያቶች ፊት ዘርግተው «ይህች ማን ናት? የማን ልጅ ናት? ምን ትሠራ ነበር?» ብለው በአገሬው ቋንቋ ይጠይቁ፤ መልሱንም ከምስሉ ግርጌ ይጻፉ። ስሟ የሚታወቅ ሰው ካልተገኘ እንኳ ሥራዋና የለበሰችው ይመዝገብ። ዐውደ ርእይ አዘጋጁም ይህን ሳይሞክር «የሶማሌ ሴት» ብሎ የሚሰቅል ከሆነ፣ ከመቶ ዓመት በፊት በወደቡ ላይ ካርድ ይሸጥ ከነበረው ነጋዴ በምን እንደሚለይ ያስረዳ።