ጠያቂ ምእመን ከሓዲ ነውን?

ሃይማኖትን ከወላጅ መውረስ መልካም ነገር መሆኑን የሚክድ ሰው ያለ አይመስለኝም። ዳሩ ግን ርስት የወረሰ ልጅ ድንበሩን ዞሮ ካላየ፥ ማሳውንም ካላረሰ ርስቱ ዳዋ ይለብሳል። እምነትም እንደዚሁ ነው። ክቡራን ወላጆችና መምህራን፥ ውድ ጓደኞቼም፥ ይህን ጽሑፍ የማቀርበው ስለዚህ ጉዳይ ያለኝን ሐሳብ ለመግለጽ ነው።

እኔ የልደታ ሰፈር ልጅ ስሆን በሃይማኖቴ ካቶሊክ ነኝ። በ2007 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ካቶሊኮች ከአገሩ ሕዝብ 0.7 ከመቶ ነበሩ፤ ይኸውም ከመቶ ሰው አንድ እንኳ አይሞላም ማለት ነው። ከብዙኃኑ ጋር የቆመ ሰው ስለ እምነቱ እምብዛም አይጠየቅም፤ ጥቂቱ ግን ሁልጊዜ ይጠየቃል። «ጾማችሁ መቼ ነው? እመቤታችንን ታከብራላችሁ ወይ? ሃይማኖታችሁስ የፈረንጅ አይደለምን?» ይሉኛል። ጓደኞቼ ይህን የሚጠይቁኝ ለማወቅ እንጂ በክፋት አይደለም። እኔ ግን ለእነርሱ መልስ ፍለጋ ስሄድ ከእነርሱ ጥያቄ የሚከብዱ የራሴ ጥያቄዎች ገጠሙኝ።

አንደኛው ይህ ነው። ከአጥራችን ማዶ ባለው ቤት ብወለድ ኖሮ ኦርቶዶክስ፥ ከዚያ ቀጥሎ ባለው ቤት ብወለድ ኖሮ ሙስሊም እሆን አልነበረምን? እንግዲያስ እምነቴ የእኔ ነው ወይስ የአጥሩ?

ሁለተኛው ከታሪክ መጽሐፍ የመጣ ነው። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀበሉ። በ1625 ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ከፖርቱጋል ከመጣ በኋላ ሕዝቡ እንደ ገና እንዲጠመቅ፥ ካህናቱም እንደ ገና ክህነት እንዲቀበሉ፥ የአባቶች ሥርዓትም እንዲለወጥ ታዘዘ። አገሩ ታወከ፥ ደምም ፈሰሰ። በመጨረሻ ንጉሡ በ1632 ሕዝቡ ወደ ቀድሞ ሃይማኖቱ እንዲመለስ ዐውጀው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። እውነትን ይዘናል የሚሉ ሰዎች ስለምን በግድ አስገቧት?

ሦስተኛው ከሰፈሬ የመጣ ነው። የሰፈራችን ስም የተገኘው ከኦርቶዶክሳውያን የልደታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው፤ በአዲስ አበባ ያለው የካቶሊካውያን ካቴድራልም በዚያው በእመቤታችን ልደት ስም የተሰየመ ነው። የሮማ የቀን መቍጠሪያ ይህን በዓል ሴፕቴምበር 8 ቀን ቢያውለውም፥ ግንቦት 1 ቀን ጎረቤቱ ሁሉ ከደጅ ወጥቶ ንፍሮ ሲቀቅልና ቡና ሲያፈላ እናቴም ከሰፈሩ እናቶች ጋር ናት። እሑድ ጠዋት ግን ሁላችንም ነጠላችንን ለብሰን እንወጣና ከመንገዱ ላይ እንለያያለን። የግዕዝ ሥርዓት የምንከተል ካቶሊኮች ቅዳሴያችን ከእነርሱ ቅዳሴ ጋር አንድ ሆኖ ሳለ ከአንድ ጽዋ የማንቀበለው እስከ መቼ ነው?

እነዚህን ነገሮች በቤት ውስጥ ባነሣ እናቴ ደነገጠች። «አንቺ ልጅ፥ በእግዚአብሔር ሥራ አትግቢ!» አለችኝ። ፍርሃቷ ይገባኛል፤ እንዲህ እያሉ የጀመሩ ልጆች ከቤተ ክርስቲያን ሲርቁ አይታለችና። ነገር ግን እነዚያ ልጆች የራቁት ስለ ጠየቁ ነው ወይስ የሚመልስላቸው ስላጡ? «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፥ ሳይመረመር የተያዘ እምነት በመጀመሪያው ነፋስ እንዳይፈታ እሠጋለሁ።

ደግሞም መጽሐፍ ቅዱስ ጥያቄን ሁሉ በአንድ ዓይን አይመለከትም። በሉቃስ ወንጌል የመጀመሪያ ምዕራፍ መልአኩ ለሁለት ሰዎች ብሥራት አመጣ፤ ሁለቱም ጠየቁ። ካህኑ ዘካርያስ ቃሉን ስላላመነ ማረጋገጫ ፈለገ፥ አንደበቱም ተዘጋ። ድንግል ማርያም ግን ነገሩ እንዴት እንደሚሆን ጠየቀች፤ መልአኩም አልተቆጣትም፥ አስረዳት እንጂ። እንግዲህ ልዩነቱ ከመጠየቁ ላይ ሳይሆን ከጠያቂው ልብ ላይ ነው። ላለማመን ሰበብ የሚሻ ጥያቄ አለ፤ አምኖ ለመታዘዝ ማስተዋልን የሚሻ ጥያቄም አለ። የአገራችን የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህራንስ አንዱን ቃል «አንድም» እያሉ በየመልኩ ሲመረምሩት ኖረው የለምን?

ለዚህ ነገር ታላቅ ምስክር የሚሆኑኝ ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ናቸው። በ1791 በጎጃም ተወልደው በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን መነኰሱ። አንድ ዓይናቸው የጠፋ ቢሆንም በአንዱ ዓይናቸው ከገዳም ወደ ገዳም እየዞሩ መጻሕፍትን መረመሩ፤ የሚያስጨንቃቸውም በዘመናቸው ሊቃውንቱን ይከፋፍል የነበረው የክርስቶስ ባሕርይ ነገር ነበር። በ1841 ጳጳስ ለማምጣት ወደ ግብፅ ከሄዱት መልእክተኞች ጋር ተጕዘው ሮማንም ኢየሩሳሌምንም አዩ። በኛ አገር አቡነ ያዕቆብ ከሚባሉት ከቅዱስ ዮስጢኖስ ዴ ያቆቢስ ጋር ብዙ ከተነጋገሩ በኋላ በ1844 ካቶሊክ ሆኑ። ስለዚህም ታሰሩ፥ በሰንሰለትም ተንገላቱ፤ በኦገስት 28 ቀን 1855 እንደ ታሰሩ ዐረፉ። በ1926 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ ብፁዕ ብለው ሰየሟቸው።

እኚህን አባት የምጠቅሰው ካቶሊክ በመሆናቸው ለመመካት አይደለም። በዚያው ዘመን የነበሩ ሌሎች ሊቃውንት በዚያው ትጋት መርምረው በአባቶቻቸው ሃይማኖት ጸንተዋል፤ እነርሱንም አከብራለሁ። እኔን የሚነካኝ ሌላ ነው። አባ ገብረ ሚካኤል ያገኙትን መልስ እኔ ያለ ድካም በጥምቀት ወረስሁ፤ ፍለጋቸውን ግን ልወርስ አልችልም። መልስ ይወረሳል፥ ፍለጋ ግን በገዛ እግር የሚኬድ ነው። ስለ አጥሩ ለጠየቅሁት ያገኘሁት ምላሽ ይኸው ነው፤ የተወለድሁበት ቤት መነሻዬን ሰጠኝ፥ መንገዱን ግን አልሄደልኝም።

ስለ ሱስንዮስ ዘመንም ቢሆን የቫቲካን ሁለተኛ ጉባኤ በ1965 ማንም ሰው በግድ እንዲያምን ሊደረግ እንደማይገባ ዐወጀ። በ2000 ደግሞ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ የቤተ ክርስቲያን ልጆች ለእውነት እንሠራለን ሲሉ ስለ ፈጸሙት ግፍ እግዚአብሔርን በአደባባይ ይቅርታ ለመኑ። ቤተ ክርስቲያን ራስዋ ያለፈ ታሪኳን ከመረመረች፥ የአንድ ተማሪ ጥያቄ ያናውጣታል ብሎ መፍራት አይገባም።

ሦስተኛው ጥያቄዬ ግን መልስ አላገኘም። በ1973 የሮማው ጳውሎስ 6ኛና የእስክንድርያው ሺኖዳ 3ኛ ክርስቶስ ፍጹም አምላክ ፍጹም ሰው መሆኑን በአንድ ጽሑፍ መሰከሩ። የእኛም አገር ፓትርያርኮች፥ አቡነ ጳውሎስ በ1993፥ አቡነ ማትያስም በ2016 ወደ ሮማ ሄደው ከርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ጋር ተገናኝተዋል። ጽዋው ግን እስካሁን ሁለት ነው። ይህን ሳስብ አዝናለሁ፤ ኀዘኔንም ለማስታገሥ ቶሎ ብዬ አንዱን ወገን ጥፋተኛ ማድረግ አልፈልግም።

እንግዲህ ክቡራን ወላጆች ሆይ፥ ልጃችሁ ስለ እምነቱ ሲጠይቃችሁ አትደንግጡ፤ ባታውቁት «አብረን እንጠይቅ» በሉት። መምህራኖቻችንም በሃይማኖት ትምህርት ሰዓት የምናነሣውን ጥያቄ እንደ ድፍረት እንዳትቈጥሩብን እንለምናለን። ጓደኞቼ ሆይ፥ «አገር የጋራ ነው፥ ሃይማኖት የግል ነው» የሚለውን አባባል ሁላችንም እናውቀዋለን። የግል ነው ማለት ግን አይነገርም፥ አይጠየቅም ማለት አይደለም። ለማወቅ ብላችሁ ከጠየቃችሁኝ፥ የማውቀውን እመልሳለሁ፤ የማላውቀውንም ሄጄ እጠይቃለሁ። እናቴም ትሰማኝ ዘንድ እወዳለሁ፦ የምጠይቀው ከቤቱ ለመውጣት አይደለም፥ በቤቱ ውስጥ ዓይኔን ገልጬ ለመኖር ነው።