ሥራ የፈታ ማሽን ወጪ በማን ላይ ይጻፍ? የነባሩና የተግባር ተኮር የወጪ ስሌት ንጽጽር በአምራች ፋብሪካዎች

የነባሩ የወጪ ስሌትና በምኅጻረ ቃል ኤቢሲ የሚባለው የተግባር ተኮር ስሌት ንጽጽር በተለመደው መንገድ ሲካሄድ መደምደሚያው አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ነባሩ የተዛባ፣ ኤቢሲ ትክክለኛ ነው ይባልና ፋብሪካው ወደ ሁለተኛው እንዲሸጋገር ይመከራል። ምክሩ ስሕተት ባይሆንም ጎዶሎ ነው። ከአቅሙ በታች ለሚያመርት ፋብሪካ ዋናው ጥያቄ የጋራ ወጪው በስንት መለኪያ ይከፋፈል የሚለው አይደለም። ሥራ ላይ ያልዋለው አቅም ወጪ በምርቱ ላይ ይጫን ወይስ አይጫን የሚለው ነው።

ነባሩ ስሌት የማሽን የእርጅና ቅናሽን፣ የመብራትን፣ የጥገናን፣ የተቆጣጣሪዎችን ደመወዝና የመሳሰሉትን ቀጥተኛ ያልሆኑ ወጪዎች በአንድ ቋት ሰብስቦ በሠራተኛ ወይም በማሽን ሰዓት ያከፋፍላል። ጉልበት የወጪው ዋና ክፍል፣ የምርቱም ዓይነት ጥቂት በነበረበት ዘመን ይህ አጥጋቢ ነበር። ቶማስ ጆንሰንና ሮበርት ካፕላን እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተሙት መጽሐፍ የሥራ አመራር ሂሳብ ለውሳኔ የሚሰጠው ጥቅም መጥፋቱን ሞገቱ። በቀጣዩ ዓመት ሮቢን ኩፐርና ካፕላን በሃርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው ባወጡት ጽሑፍ ምርት ተግባራትን፣ ተግባራትም ሀብትን ይጠቀማሉ የሚለውን አስተሳሰብ ለሥራ አመራሮች አቀረቡ።

ልዩነቱን በአንድ የምናብ ጫማ ፋብሪካ ማሳየት ይቻላል። ፋብሪካው በወር 12 ሚሊዮን ብር ቀጥተኛ ያልሆነ ወጪ አለው እንበል። 18,000 ጥንድ አንድ ዓይነት የወንድ ጫማና በበርካታ ሞዴሎች የተከፋፈለ 2,000 ጥንድ የሴት ጫማ ያመርታል፤ እያንዳንዱ ጥንድ 2 የሠራተኛ ሰዓት ይወስዳል። በነባሩ ስሌት የሰዓቱ ድርሻ 300 ብር በመሆኑ እያንዳንዱ ጥንድ፣ የወንድም ይሁን የሴት፣ 600 ብር ይሸከማል።

ኤቢሲ ግን ቋቱን ይከፍታል። ከ12 ሚሊዮኑ 3 ሚሊዮኑ ሞዴል በተለወጠ ቁጥር ለሚደረግ የማሽን ዝግጅት፣ 1.5 ሚሊዮኑ ለግዥና ለጥራት ቁጥጥር፣ 7.5 ሚሊዮኑ ለማሽኖቹ የሚወጣ ነው እንበል። በወሩ ከተደረጉት 60 ዝግጅቶች 50ዎቹ፣ ከግዥና ከጥራት ቁጥጥሩም 60 በመቶው ለሴት ጫማ የዋሉ ከሆነ፣ የማሽኑን ወጪ በጥንድ ቁጥር አካፍለን የወንዱ ጫማ ድርሻ ወደ 436 ብር ሲወርድ የሴቱ ወደ 2,075 ብር ይወጣል። ነባሩ ስሌት በብዛት የሚመረተው ምርት በጥቂቱ የሚመረተውን እንዲደጉም አድርጎ ነበር ማለት ነው። አብዛኛው ንጽጽር የሚያበቃው እዚህ ላይ ነው።

ይሁን እንጂ ማሽኖቹ በወር 40,000 ጥንድ ማምረት የሚችሉ ቢሆኑስ? 7.5 ሚሊዮኑ ለ20,000 ጥንድ ሲካፈል እያንዳንዱ 375 ብር ይደርሰዋል፤ ለ40,000 ሲካፈል ግን 187.50 ብር ብቻ ነው። በሁለተኛው አካሄድ የወንዱ ጫማ ድርሻ ወደ 249፣ የሴቱ ወደ 1,888 ብር ገደማ ይወርዳል፤ 3.75 ሚሊዮን ብር ደግሞ ሥራ ላይ ያልዋለ አቅም ወጪ ተብሎ ለብቻው ይጻፋል። ለወንዱ ጫማ ከ600 ወደ 436 የወሰደው እርምት 164 ብር ሲሆን፣ ከ436 ወደ 249 የወሰደው 187 ብር ነው። አቅምን ያላገናዘበ ኤቢሲ የስሕተቱን ትንሹን ግማሽ አርሞ ትልቁን ይተወዋል።

ይህ ሐሳብ ለንድፈ ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። ኩፐርና ካፕላን ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ1992 የቀረበን ሀብት ወጪ ከተጠቀሙበት ሀብት ወጪ ለይተው፣ ልዩነቱ ሥራ ላይ ያልዋለ አቅም መሆኑን አስረድተዋል። ዓለም አቀፍ የሂሳብ አያያዝ ደረጃ ቁጥር 2ም ቋሚ የማምረቻ ወጪ በመደበኛ የማምረት አቅም ላይ ተመሥርቶ እንዲደለደል፣ በምርት ማነስ ምክንያት ያልተደለደለውም በወቅቱ ወጪነት እንዲመዘገብ ያዝዛል። የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847/2006 ዓለም አቀፍ ደረጃዎቹን በኢትዮጵያ ተፈጻሚ ስላደረገ፣ ለኦዲተር የሚቀርበው ሂሳብ ይህን መለየት ይጠበቅበታል። ለገዢ የሚቀርበውን ዋጋ የሚያሰላው ባለሙያ ግን ይህን እንዲለይ የሚያስገድደው ደንብ የለም።

አደጋው ያለውም ዋጋው በሚሰላበት ጠረጴዛ ላይ ነው። በኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ መቆራረጥ፣ የውጭ ምንዛሪና የጥሬ ዕቃ እጥረት ፋብሪካዎችን ከአቅማቸው በታች ሲያሠሩ ኖረዋል። አገሪቱ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ከአሜሪካው የአጎዋ የንግድ ዕድል መውጣቷ ደግሞ በተለይ ለልብስ አምራቾች ገበያ አጥብቧል። ትእዛዝ ሲቀንስ ያው ቋሚ ወጪ ለጥቂት ምርት ይከፋፈላል፤ የአንዱ ምርት ወጪ በወረቀት ላይ ይንራል፤ ዋጋው ይጨመራል፤ ገዢው ይሸሻል፤ ቀሪው ምርት ደግሞ የባሰ ሸክም ይሸከማል። የዚህ አዙሪት መጨረሻ የሠራተኛ ቅነሳ ነው። ምርቱ በእርግጥ ውድ ሳይሆን፣ ያልሠራው ማሽን ዕዳ ስለተጻፈበት ብቻ ከገበያ ሊወጣ ይችላል።

ሁለት ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ። የመጀመሪያው ያ 3.75 ሚሊዮን ብር በመጨረሻ በአንድ ሰው መከፈሉ አይቀርም የሚለው ነው። እውነት ነው፤ ፋብሪካ በዘላቂነት የሚኖረው ሙሉ ወጪውን መሸፈን ከቻለ ብቻ ነው። ነገር ግን ወጪው በምርቱ ውስጥ ሲደበቅ ተጠያቂ የለውም። ለብቻው ሲጻፍ ግን የመብራት መቋረጥ ነው፣ የሽያጭ ክፍሉ ድክመት ነው ወይስ ከመጠን ያለፈ የማሽን ግዥ ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ሁለተኛው ኤቢሲ ብዙ መረጃና ባለሙያ ይጠይቃል የሚለው ነው። ይህም ክብደት አለው። ካፕላንና ስቲቨን አንደርሰን እ.ኤ.አ. በ2004 ጊዜን መሠረት ያደረገውን ቀለል ያለ አሠራር ያቀረቡት ለዚሁ ችግር ነው፤ እርሱም የአቅምን ወጪ በጊዜ መለኪያና እያንዳንዱ ተግባር የሚፈጀውን ጊዜ ብቻ ይጠይቃል። ይህን እንኳ ለማሟላት የማይችል ፋብሪካ በነባሩ ስሌቱ ውስጥ አካፋዩን ከወሩ ምርት ወደ ተግባራዊ አቅም ቢለውጥ ታላቅ እርምጃ ይሆናል። ለዚህ የሚያስፈልገው አዲስ ሶፍትዌር አይደለም፤ በሐቀኝነት የተገመተ አንድ ቁጥር ነው።

ስለዚህ በዘርፉ የሚደረግ ጥናት ሁለቱን ዘዴዎች ከማወዳደሩ በፊት ፋብሪካው ከአቅሙ ምን ያህሉን እንደሚጠቀም፣ አካፋዩም ምን እንደሆነ ይመርምር። አቅሙን በሙሉ ለሚጠቀምና ዓይነተ ብዙ ምርት ላለው ፋብሪካ የኤቢሲ ምክር ይበቃል። ግማሽ ማሽኑ ሥራ ለፈታበት ፋብሪካ ግን ኤቢሲን ብቻ መምከር፣ የተሳሳተውን ድምር ይበልጥ አሳምሮ ማከፋፈል ነው።