ወንበሩ ነው እንጂ ሰውየው አይደለም

«ሒሳብን ሸሽተን ነው ሥነ ጽሑፍ የገባነው» ማለት በመካከላችን እንደ ሙያ እየተቆጠረ መጥቷል። ያስቃል፤ ጉዳቱ ግን የራሳችን ነው። ስለ ሰው ልጅ ንግግር እናጠናለን የምንል ሰዎች፣ ወሬ ከማን ተነሥቶ በማን በኩል አልፎ ማን ጋ እንደሚቀር መመርመሩን ለኢንጂነሮች ትተን ቁጭ ብለናል።

የግራፍ ንድፈ ሐሳብ እኮ ጭራቅ አይደለም። ሰውን ነጥብ፣ ግንኙነቱን መስመር አድርጎ ይሥልና ወሬው በስንት ሰው እጅ አልፎ እንደሚደርስ ይቆጥራል። ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1736 የኮኒግስበርግን ሰባት ድልድዮች የመረመረው በዚሁ ዓይን ነው።

እስቲ ሃሮልድ ሌቪት በ1951 ያሳተመውን ሙከራ እንይ። አምስት አምስት ሰዎች በጠረጴዛ ዙሪያ በግርዶሽ ተለያይተው ተቀመጡ። መነጋገር የለም፤ ብጣሽ ወረቀት በቀዳዳ ማቀባበል ብቻ። ሥራው በሁሉም ካርድ ላይ ያለውን አንድ የጋራ ምልክት ማግኘት ነው። አንዱ ቡድን በክብ ተያያዘ፤ እያንዳንዱ ከግራና ከቀኝ ጎረቤቱ ጋር ይጻጻፋል። በሌላው ቡድን ግን አራቱ የሚጽፉት መሀል ላለው ለአንዱ ብቻ ነው። ክቦቹ ብዙ ወረቀት ፈጁ፣ ብዙም ተሳሳቱ። ነገር ግን በሥራቸው የበለጠ የተደሰቱት እነሱ ሆኑ! የወዲያኞቹ «መሪያችሁ ማን ነው?» ሲባሉ፣ ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ መሀል የተቀመጠውን ጠቆሙ።

ልብ በሉ፤ አንደበተ ርቱዕ ስለሆነ አይደለም፣ ድምፁንም አልሰሙ። ወንበሩ ነው። እኛስ ስለ መሪ ተሰጥኦ ስንት ገጽ ድርሰት ጽፈናል?

«ቢሆንም መሀለኛው ያፈጥናል» የሚሉ አሉ። ያፈጥናል፤ ሥራው ምልክት መልቀም እስከሆነ ድረስ። ጥያቄው ሲወሳሰብ ግን መሀለኛው በወረቀት ተጥለቅልቆ ክቡ እንደሚቀድመው ማርቪን ሾው ከ1950ዎቹ ጀምሮ አሳይቷል።

ወደ ራሳችን እንምጣ። የፈተና ቀን መለወጡን የምንሰማው ከአንድ ተጠሪ ነው፤ እሱ ስልኩን ካጠፋ ክፍሉ በሙሉ ወሬ አጥቶ ይውላል። የቴሌግራም ቻናሉም ያው ነው፤ አንዱ ይለጥፋል፣ ሌላው ያነባል፣ መልስ መጻፊያ የለም። ከዚያ «ተማሪው ግድ የለሽ ሆነ» ይባላል። እንዲያው ከመማረር መጀመሪያ መስመሩን መቁጠር አይሻልም?

መስመር በወረቀቱ ላይ የተጻፈውን አያነብም፤ ስድብም ሰላምታም ለእሱ አንድ ነው። ኢንጂነሩ እዚህ ላይ ሲቆም የእኛ ሥራ ይጀምራል። በመጪው ሴሚስተር የክፍላችንን የወሬ መንገድ እንሥላለን። ሒሳብ የምትፈሩ እርሳስ ይዛችሁ ኑ፤ እስከ አርባ መቁጠር ይበቃል።